የጠመዝማዛው ቦይ ታሪክ፤ ከእጅ ሞረድ እስከ ቤት ውስጥ ፍሬዛ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ዓ.ም. ሲፈነዳ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ የነበረው ፕሮቪደንስ ቱል ኩባንያ ለፌዴራሉ መንግሥት ጦር ጠመንጃ ለመሥራት ውል ገባ። በዚያ ዘመን ጠመንጃ መዶሻው ሲመታ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፈው በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ በኩል ነበር። ያችን ቀዳዳ ለመብሳት ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ፑንታ ያስፈልጋል። ፑንታው ግን የሚሠራው በእጅ ነበር። ሠራተኛው ክብ የአረብ ብረት ዘንግ በሞርሳ አጥብቆ፣ በቀጭን ክብ ሞረድ ቦዩን በዓይኑ ግምት እየተከተለ ይሞርደዋል። ሁለቱ ቦዮች እኩል ሆነው ካልወጡ ፑንታው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ቀዳዳውም ከልኩ ይሰፋል። በሺህ የሚቆጠር ጠመንጃ ለሚጠበቅበት ፋብሪካ ይህ አሠራር የማይዘለቅ ነበር።

የኩባንያው የሥራ ኃላፊ፣ ራሱም የታወቀ የማሽን ነዳፊ የነበረው ፍሬደሪክ ሃው፣ ቦዩን በማሽን መቁረጥ ይቻል እንደሆነ የዚያው ከተማ ሰው የሆነውን ጆሴፍ ብራውንን አማከረው። ብራውን በሰዓትና በመለኪያ መሣሪያዎች ሥራ የተካነ ሰው ነበር። ፑንታ ብቻ የሚቆርጥ ማሽን ሠርቶ ቢያስረክብ ማንም ባልወቀሰው ነበር። እርሱ ግን ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ ተመለከተውና ጠመዝማዛ ቦይንም፣ የጊር ጥርስንም፣ ሌላ ልዩ ልዩ ቅርጽንም የሚቆርጥ ፍሬዛ ነደፈ። የመጀመሪያው ማሽን መጋቢት 14 ቀን 1862 ለፕሮቪደንስ ቱል ኩባንያ ተሸጠ፤ ብራውን የፈጠራ መብቱን በ1865 አገኘ፤ ማሽኑም በ1867 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። በኢትዮጵያ የብረት ሥራ ቤቶች ፍሬዛ የሚለው ስም ከጣልያንኛ የተወረሰ በመሆኑ፣ ማሽኑንም የጣልያን ሥራ አድርጎ የሚገምት አይጠፋም።

የብራውን ማሽን ምሥጢር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ ይኸውም የሥራውን መዞር ከጠረጴዛው መጓዝ ጋር በጊር ማሰር ነው። ጠረጴዛውን የሚገፋው ብሎን ሲዞር፣ በጊሮች አማካይነት ሥራውን የያዘውን የማከፋፈያ ራስ አብሮ ያዞረዋል። በዛሬው የተለመደ ፍሬዛ የጠረጴዛው ብሎን በአንድ ዙር 6 ሚሊሜትር ቢገፋ፣ የማከፋፈያው ራስ ደግሞ 40 ለ1 የሚቀንስ ቢሆንና ሁለቱ በእኩል ጊሮች ቢገናኙ፣ ሥራው አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪጨርስ ጠረጴዛው 240 ሚሊሜትር ይጓዛል። 40 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ በ30 ዲግሪ የሚጠመዘዝ ቦይ ለመቁረጥ ግን የሚፈለገው የአንድ ዙር ጉዞ 217.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በብሎኑ በኩል ባለ 24 እና ባለ 72 ጥርስ፣ በማከፋፈያው በኩል ባለ 28 እና ባለ 56 ጥርስ ጊሮች ቢገጠሙ 217.8 ይገኛል። ስሕተቱ በማዕዘን ሲለካ ከአንድ ዲግሪ ስልሳኛ እንኳ ያነሰ ነው።

ይሁን እንጂ መዞርን ከመጓዝ ጋር የማሰር ሐሳብ ከፋብሪካ አልጀመረም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የፔንሲልቫኒያ ጠመንጃ ሠሪዎች በየቤታቸው ባለው ሥራ ቤት የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡን የሚቦረቡሩት፣ በላዩ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ በተቀረጸበት ወፍራም የእንጨት ግንድ መሪነት ነበር። ግንዱ በጥርስ ውስጥ እየተንሸራተተ ሲሳብ ይዞራል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለችውም ትንሽ ስለት ያንኑ ጥምዝ በብረቱ ላይ ትደግመዋለች። በለንደን ደግሞ ከስትራስቡርግ የመጣው የሆልትዛፕፈል ቤተሰብ ለመኳንንትና ለባለጸጎች ቶርኖ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ከቶርኖው ጋር ከሚቀርቡት ተጨማሪ ዕቃዎች አንዱ የስለት መያዣውን ብሎን ከቶርኖው ዘንግ ጋር በጊር የሚያገናኝ ነበር፤ ባለቤቶቹም በዝሆን ጥርስና በዞጲ ላይ ጠመዝማዛ ጌጥ እየቆረጡ በቤታቸው ይዝናኑበት ነበር። ብራውን ከእነዚህ ቀዳ ለማለት አይደለም። ነገር ግን የፋብሪካው ማሽን በየመጽሐፉ ሲወደስ እነዚህ የቤት ሥራ ቤቶች ሳይነሡ መቅረታቸው ፍትሐዊ አይመስልም።

ይህ መረሳት ያስከተለው ጉዳት አለ። ብዙ ባለሙያ የብራውን ዓይነት ፍሬዛ ከሌለኝ ጠመዝማዛ ቦይ አይሞከርም ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በቤቱ ትንሽ ፍሬዛ ያለው ሰው ከፔንሲልቫኒያው ግንድ ብዙም ያልራቀ ዘዴ አለው። ሥራው በሁለት መያዣዎች መካከል እንደ ልብ እንዲዞር ተደርጎ በጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፤ ሥራውን በያዘው ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ከበሮ ይገጠማል፤ በከበሮው ላይ የተጠመጠመው ቀጭን የብረት ሽቦ ጫፉ በማይንቀሳቀሰው የማሽኑ አካል ላይ ይታሰራል። ጠረጴዛው ሲጓዝ ሽቦው እየተተረተረ ሥራውን ያዞረዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ በሌላ ገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ሽቦውን ወጥሮ ይይዘዋል፤ በጊር ሥራ የሚያስቸግረው ክፍተትም በዚሁ ይወገዳል። የአንድ ዙር ጉዞ የከበሮው ዙሪያ ነውና፣ ከላይ ለተጠቀሰው ቦይ 69.3 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ ላይ የሽቦው ውፍረት አንድ ጊዜ ይቀነሳል። ለሌላ ቦይ ሌላ ከበሮ መቁረጥ ግድ ነው፤ እርሱም የቶርኖ የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው።

በቶርኖ ላይ ለመሥራት ለሚፈልግም መንገዱ ክፍት ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በአንድ ነገር ነው፤ ጉዞው ረጅም በሆነ ቦይ የቶርኖውን ዘንግ በሞተር አዙሮ ብሎኑን ለማስከተል መሞከር ጊሮቹን ይሰብራል። ብሎኑን በእጅ እያዞሩ ዘንጉን ማስከተል ይገባል፤ ሆልትዛፕፈሎችም ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዲስክ ቅርጽ ያለው ስለት በቦዩ አቅጣጫ ካልተመለሰ ግድግዳውን ይበላል፤ የብራውን ጠረጴዛ በማዕዘን እንዲዞር የተደረገውም ለዚህ ነበር። የትንሽ ፍሬዛ ጠረጴዛ ግን በአብዛኛው አይዞርም፤ በዚህ ጊዜ ጫፉ ክብ የሆነ የጣት ስለት መጠቀም ይቀላል፤ ቦዩም ክብ ወለል ይዞ ይወጣል። ጠረጴዛው ቢዞርም ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቦዩ በዘንጉ ላይ በ30 ዲግሪ ቢጠመዘዝ፣ 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ማዕዘኑ ወደ 23 ዲግሪ ይወርዳል፤ የአንድ ዙር ጉዞው ያው ሲሆን ዙሪያው አንሷልና። አንድ ስለት ደግሞ በአንድ ጊዜ ለሁለት ማዕዘን ሊመቻች አይችልም፤ ስለዚህ የሚወጣው ቦይ የስለቱን ቅርጽ በትክክል አይመስልም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ብረቱን ከመንካቱ በፊት በጠንካራ እንጨት ላይ አንድ ቦይ ይቆርጣል፤ ከዚያም እንጨቱን በመጋዝ አቋርጦ የቦዩን ቅርጽ ይመለከታል፤ ካልወደደውም ስለቱን እንደገና ይሞርዳል።