በካርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ

ዊልሻየርና ፌርፋክስ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለው የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም በ1994 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። መሥራቹ ሮበርት ፒተርሰን በ1948 እዚሁ ሎስ አንጀለስ «ሆት ሮድ» የተባለውን መጽሔት ከጀመሩት አንዱ ነው። መጽሔቱ የሚጽፈው መኪናን ከፋብሪካ እንደወጣ መንዳት አልበቃ ብሏቸው ሞተሩን ፈትተው ስለሚያሻሽሉ ወጣቶች ነበር። ሙዚየሙ ያለበትን የሚራክል ማይል ሰፈርም የመሬት አልሚው ኤ. ደብሊው. ሮስ በ1920ዎቹ ለባለመኪና ሸማች ብሎ ያቀናው ነው። ከዚያ ማዕዘን ወደ ደቡብ ወርደው ኦሊምፒክ ጎዳናን ሲሻገሩ፣ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው የእኛ መንገድ ይጀምራል። እኔ እዚህ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የምነካው የመኪና ሞተር ሳይሆን የግራፊክስ ካርድ ባዮስ፣ ማለትም በካርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈው ማስነሻ ፕሮግራም ቢሆንም ሙያውን ከነዚያ ልጆች ወገን እቆጥረዋለሁ።

ሐበሻ ከካርዱ ጋር መጀመሪያ የታገለው ለፍጥነት ሳይሆን ለፊደል ነው። በ1981 የወጡት የአይቢኤም ካርዶች የፊደላቱን ቅርጽ የያዙት በማይለወጥ የሮም ቺፕ ላይ ነበር፤ ቦታውም ለ256 ምልክት ብቻ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከላቲኑ ጋር አንድ ላይ አይገቡም። በ1984 ኢጂኤ የተባለው ካርድ የራሱን ባዮስ ይዞ መጣ፤ የፊደል ቅርጽ በሶፍትዌር እንዲጫንበት ፈቀደ፣ በአንድ ጊዜም እስከ 512 ምልክት አሳየ። በ1986 የሄርኩለስ ካርድ ፕላስ 3072 አደረሰው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፍስሐ አጥላው በካሊፎርኒያ፣ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ አማርኛን በኮምፒውተር አስጻፉ። ዊንዶውስ ፊደሉን ራሱ ሲስል፣ በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ግዕዙን ሲቀበል፣ ያ ችግር ከካርዱ ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጓጓው በባዮሱ ውስጥ ላሉት ቁጥሮች ነው፦ የክሎክ ፍጥነት፣ ቮልቴጅ፣ የኃይል ገደብ፣ የፋን ዙር፣ የሜሞሪ የጊዜ ሠንጠረዥ። ባዮሱን ወደ ፋይል ታወጣለህ፣ ቁጥሮቹን ታርማለህ፣ ቼክሰሙን (የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር) ታስተካክላለህ፣ መልሰህ ቺፑ ላይ ትጽፋለህ። በዲሴምበር 2010 የወጣው የኤኤምዲ ካርድ፣ ራዲዮን ኤችዲ 6950፣ 1408 የማስሊያ ክፍሎች አሉት ተብሎ ተሸጠ፤ ውዱ 6970 ደግሞ 1536። ብዙዎቹ 6950ዎች ግን የቀሩትን 128 ክፍሎች በአካል ይዘዋቸው ነበር፤ የዘጋቸው ባዮሱ ነው። የ6970ን ባዮስ ለጫነ ሰው ተከፈቱለት። እኔ ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምወደው በካርዱ ጠርዝ ላይ የነበረችውን ትንሽ ማብሪያ ነው። በአንድ በኩል የሚጻፍበት ባዮስ፣ በሌላው በኩል የማይነካ የፋብሪካ ቅጂ። የጫንከው ቢበላሽ ማብሪያዋን ገልብጠህ ካርዱን ታስነሣለህ። አምራች ደንበኛውን ከዚህ በላይ ሲያከብር አላየሁም።

በ2016 አርኤክስ 470 እና 480 የተባሉት የኤኤምዲ ካርዶች ሲመጡ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ስሌት የሚቆፍሩ ሰዎች ሙያውን ወረሱት። ሜሞሪው በ2000 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ ፋብሪካው የሰጠው የጊዜ ሠንጠረዥ (ሜሞሪው በየሥራው መካከል የሚጠብቀው ጊዜ) ልል ነበር። ለዝቅተኛ ፍጥነት የተሠራውን ጠበቅ ያለ ሠንጠረዥ ቀድተው ለከፍተኛው ሰጡት፤ በሰከንድ ወደ 24 ሜጋሃሽ (ሚሊዮን የቁፋሮ ስሌት) ይሰጥ የነበረው 480 ወደ 29 ወጣ። ሴፕቴምበር 15፣ 2022 ኢቴሪየም ቁፋሮውን ሲተው እነዚያ ካርዶች ባዮሳቸው እንደተለወጠ ገበያው ላይ ፈሰሱ። «ጋሼ፣ ሞቷል አሉኝ፤ ጌም ስከፍት ስክሪኑ ነጠብጣብ ይለብሳል» ብሎ አንዱን ያመጣልኝ ልጅ ነበር። አልሞተም። ሜሞሪው የማይችለው ሠንጠረዥ ተጭኖበት ነው፤ የፋብሪካውን ባዮስ መለስኩለትና ተነሣ። ለሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪዎች በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን ካርዶች ደግሞ ቮልቴጃቸውን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በጠባብ ክፍል ሲሠሩ የሚውሉ ናቸውና ሙቀቱ ይቀንስላቸዋል።

በአዲሶቹ ካርዶች ባዮሱን እንዲህ ማረም ታግዷል። ኤንቪዲያ ከ2016ቱ ጂቲኤክስ 1080 ጀምሮ፣ ኤኤምዲም ከ2017ቱ ቬጋ ወዲህ፣ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የሌለበትን ባዮስ ካርዱ እንዳይቀበል አደረጉ። ለቁልፉ አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፦ ርካሽ ካርድን ባዮሱን ለውጠው በውድ ካርድ ስም የሚሸጡ አጭበርባሪዎች አሉ፣ የተታለሉ ሰዎችንም አይቻለሁ። ነገር ግን ሌባውን ለመያዝ ባለቤቱ ከቤቱ መባረር የለበትም። በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ባለመኪኖች ለጥገናና ለሕጋዊ ማሻሻያ ሲሉ የመኪናቸውን የሶፍትዌር ቁልፍ እንዲያልፉ ፈቅዷል። ለካርድ ባለቤትም ያንኑ እመኛለሁ። ባለ ሁለት ባዮስ ካርድ ዛሬም ይሸጣል፤ ሁለቱም ባዮሶች ግን የተቆለፉ ናቸው። አምራቾቹን የምጠይቃቸው አንዱን ብቻ እንዲከፍቱልን ነው።