የግለት ስህተት፦ ከማተሚያ ቤት ጠቁሮ የወጣ ሳንቲም

የግለት ስህተት በእንግሊዝኛ «ኢምፕሮፐር አኒሊንግ» ለሚባለው የሳንቲም አሠራር ጉድለት በአማርኛ የቀረበ ስያሜ ነው። ምስልና ጽሑፍ ሳይታተምበት፣ ገና ልሙጥ ክብ ሳለ፣ በምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ ወይም በማይገባ ሁኔታ ግሎ ገጹ የጠቆረ ሳንቲም የግለት ስህተት ያለበት ይባላል። «ግለት» የመጣበት «ጋለ» የሚለው ግሥ በአንጥረኛ ቤት ይሠራበታል። ቤተ እስራኤላውያን በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁባት በነበረችው በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃም ሆነ በከተማዋ የብር ሠሪዎች ሱቅ፣ የጠጠረን ብረት አግሎ ማለስለስ የተለመደ ሥራ ነው።

በሳንቲም ማተሚያ ቤትም የሚሠራው ይኸው ነው። የብረቱ ቅይጥ በከባድ ተሽከርካሪ መዳመጫ ሲሳሳ ይጠጥራል። ከእሱ ተቆርጠው የሚወጡት ክቦች እንደጠጠሩ ቢታተሙ ምስሉ ጎልቶ አይወጣም፣ ምስሉን የሚያትመው ማኅተምም ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክቦቹ በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ፣ ለመዳብና ለኒኬል ቅይጥ ከ700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ኦክስጅን እንዲያንስ ተደርጎ ይግላሉ፤ ከዚያ በውኃ ይቀዘቅዛሉ፣ በአሲድም ይታጠባሉ። ክቦቹ በምድጃው ውስጥ ተወትፈው ከቆዩ፣ አየር ከገባባቸው ወይም የመዳብ ብናኝ ከላያቸው ከተጋገረ ግን ገጻቸው ቀይ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ ቀለም ያዘለ ወይም ጥቁር ይሆናል። ይህ ሽፋን እጥበቱን አልፎ ከቀረ በኋላ ይታተማል። የመለያው ቁልፍ ነገርም ይህ ነው፤ ጥቁረቱ ከምስሉ በፊት የመጣ ነው።

በሰፊው የሚታወቁት ምሳሌዎች የአሜሪካ ባለ5 ሳንቲሞች ናቸው። በተለይ በ1958 እና በ1959 እ.ኤ.አ. ከታተሙት አንዳንዶቹን ሰብሳቢዎች «ጥቁር ቆንጆ» ይሏቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ.፣ ኒኬሉ ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ሳንቲሙ ከ56 በመቶ መዳብ፣ ከ35 በመቶ ብርና ከ9 በመቶ ማንጋኒዝ ተቀይጦ ነበር። ይህ ቅይጥ ግን ያለ ምንም ስህተት በአገልግሎት ብዛትም ይጠቁራል፤ ስለዚህ የጠቆረ ሁሉ ስህተት ተደርጎ አይወሰድም።

በኢትዮጵያ ሳንቲሞች ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። የጎንደር ነገሥታት የራሳቸውን ሳንቲም አላሳተሙም፤ ገበያው በአሞሌ ጨው፣ በኋላም 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት በያዘው የማርያ ቴሬዛ ብር ይሠራ ነበር። 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ ብር በደባርቅ ወይም በዳባት ጎጆ ውስጥ ለዓመታት ጭስ ጠጥቶ ቢጠቁር ምክንያቱ በአየርና በጭስ ውስጥ ያለው ድኝ ነው። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያላቸው የመዳብ ሳንቲሞችም በዕድሜ ብቻ ይጠይማሉ። የግለት ስህተት ቢፈለግ የሚያስኬደው 1969 ዓ.ም. የሚሉት ባለ25 እና ባለ50 ሳንቲሞች ላይ ነው፤ እነሱ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆኑ ከአሜሪካው ባለ5 ጋር ይቀራረባሉ። በኋላ የወጡትና ማግኔት የሚስባቸው ሳንቲሞች ግን ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው በሌላ ማዕድን የተለበጠ ነው። እነዚህ ጠቁረው ሲገኙ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ልባጡ መቅረቱ ወይም ተልጦ ብረቱ መዛጉ ነው።

የግለት ስህተት ያለበት ሳንቲም ቀለሙ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ሳይቀር ይይዛል። ሽፋኑ ልስልስና ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ነው፤ በሳንቲሙ ላይ ያለው የአንበሳ ጋማና የፊደላቱ ጠርዝ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ በማኅተሙ ኃይል የተፈጠረው አንጸባራቂነትም ከጥቁሩ በላይ ይታያል። ክብደቱ ከመደበኛው አይርቅም፤ ባለ50ው 6 ግራም ገደማ ነው። ክብደቱ በጉልህ ከተለየ፣ በሌላ ሳንቲም ክብ ላይ መታተሙ ሊጠረጠር ይገባል።

በመሬት ውስጥ የቆየ ሳንቲም ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ገጹ የተቦረቦረና ሻካራ ነው። በደጋው መረሬ አፈር ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሳንቲም እርጥበቱ ይበላዋል፤ ቆሻሻው በፊደላቱ መካከል ይጠራቀማል፣ ጎላ ያሉት ክፍሎች ደግሞ በመታሸት ይነጣሉ። ከታተመ በኋላ እሳት ውስጥ የገባ ሳንቲምም ይታወቃል፤ ገጹ ያብጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ልባጥ ካለውም ልባጡ ይፈነዳል። በገበያ ከሚቀርቡት ጥቁር ሳንቲሞች የሚበዙት ከእነዚህ ወገን በመሆናቸው «ስህተት ነው» ተብሎ የሚጠየቅን ትርፍ ዋጋ ክብደትና አጉሊ መነጽር ሳያረጋግጡት መክፈል ተገቢ አይደለም።

ጥርጣሬ ያለበት ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብር ማጽጃ መታሸት የለበትም። ማስረጃው ራሱ ሽፋኑ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ በኋላ ጥቁረቱ ከምድጃው ይምጣ ከአፈሩ መለየት አይቻልም። ጠርዙን ብቻ ይዞ መመዘንና በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ከዚያም በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል።