«ቀን» የሚለው ቃልና የመረጃ ቋት፤ ስለ ዕለት አጻጻፍ ታሪካዊ ማስታወሻ

አንድ ዕለት በቁጥር ብቻ ሲጻፍ የትኛው ቁጥር ቀኑን፣ የትኛው ወሩን እንደሚያመለክት ቁጥሮቹ ራሳቸው አይናገሩም፤ የሚናገረው ቅደም ተከተላቸው ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ የአገባብ ጉዳይ ስለ ሆነ የቋንቋ ባለሙያን ይመለከታል። በቀድሞው የደብዳቤ ሥርዓታችን ወር በስሙ ይጻፍ ስለ ነበር አንባቢ አይደናገርም ነበር። የወር ስም በቁጥር ከተተካ በኋላ ግን ንባቡ በአንባቢው ልማድ ላይ ወደቀ።

03/04/1976 የሚለውን ጽሕፈት እንውሰድ። በአሜሪካ ልማድ ወር ስለሚቀድም ማርች 4 ቀን 1976፣ በእንግሊዝ ልማድ ኤፕሪል 3 ቀን 1976 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ግን ታኅሣሥ 3 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1983 መሆኑ ነው። ሰው ከዐውዱ ተነሥቶ ሊያርም ይችላል፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያነበው በታዘዘው ሥርዓት ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 አይ ኤስ ኦ 2014ን፣ በ1988 ደግሞ አይ ኤስ ኦ 8601ን አወጣ። የተደነገገውም ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚለው ተራ ነው። በ1992 የወጣው የኤስ ኪው ኤል ደረጃም ይህንኑ ተራ ተከተለ። ይሁን እንጂ ደረጃው የቆመው በ1582 በተደነገገው በግሪጎርዮስ አቆጣጠር ላይ ስለ ሆነ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። መሣሪያዎቹም የየራሳቸውን ዘዬ አልተዉም። በጃቫ የቅርጽ መግለጫ ትልቁ «ኤም» ወርን፣ ትንሹ ደቂቃን ሲያመለክት ኦራክል በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከል ሳይለይ ደቂቃን «ኤም አይ» ይለዋል። የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ፕሮግራም ጸሐፊ ስሕተት ቢገጥመው አያስደንቅም።

ከዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ስሕተት መለየት ይገባል። ጥቅምት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. 30/02/2012 ተብሎ ለመረጃ ቋት ቢቀርብ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት ቋቱ ይመልሰዋል። ይህ የሚያናድድ ቢመስልም ጥበቃ ነው። አደገኛው በዝምታ የሚያልፈው ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን የልደት ዕለት 6/13/2015 ተብሎ ይጻፍ። የአሜሪካን ተራ የሚከተል ፕሮግራም ጁን 13 ቀን 2015 ብሎ ይቀበለዋል፤ ሕፃኑም በመዝገብ ላይ ከ8 ዓመት በላይ አርጅቶ ይገኛል። ቀንን የሚያስቀድመው የቀድሞው የጃቫ ተንታኝም ጥብቅ እንዲሆን ካልታዘዘ በቀር ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ ጃኑዋሪ 6 ቀን 2016 ያደርገዋል። በሁለቱም ላይ የስሕተት መልእክት አይወጣም።

የተርጓሚው ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛው «ዴት» እና «ዴይ» ብሎ የሚለያቸውን ሁለቱንም «ቀን» ብለን ስንተረጉም «ትክክል ያልሆነ ቀን» የሚል መልእክት ይወለዳል። አንባቢው ቁጥሩ ከልክ አልፎ ይሁን፣ ተራው ተዛብቶ ይሁን፣ ወይስ አቆጣጠሩ ሌላ ሆኖ ይሁን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ «ቀን» በወር ውስጥ ላለው ቁጥር ብቻ፣ «ዕለት» ቀንን፣ ወርንና ዓመትን አጠቃልሎ ለሚይዘው፣ «የዕለት አጻጻፍ» ለተራውና ለቅርጹ፣ «ዘመን አቆጣጠር» ደግሞ ለሚቆጠርበት ሥርዓት እንዲውሉ እናሳስባለን። በየቅጹም ላይ አጻጻፉና ዘመን አቆጣጠሩ ከዕለቱ ጋር ቢገለጹ ፕሮግራም ጸሐፊው በግምት ከመሥራት ይድናል፤ ባለመዝገቡም የተወለደበት ዕለት ሳይለወጥ ይቆይለታል።