የነርቭ ምት፦ የኤድጋር አድሪያን ምርምር

ዓይን ብርሃንን፣ ጆሮ ድምፅን፣ ቆዳ ንክኪን የሚቀበሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። ወደ አንጎል የሚልኩት መልእክት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች። ይህን በመሣሪያ ለክቶ ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኤድጋር አድሪያን ነው።

አድሪያን በ1889 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተወለደ። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ያስተማረው ኪት ሉካስ የጡንቻ ክር ወይ ሙሉ በሙሉ እንደሚኮማተር፣ ወይ ከነጭራሹ እንደማይኮማተር አሳይቶ ነበር። አድሪያን ይኸው ሕግ በነርቭም ላይ እንደሚሠራ መረመረ። ሉካስ በ1916 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አድሪያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነርቭ ጉዳትና የጦር ሜዳ ድንጋጤ የደረሰባቸውን ወታደሮች ሲያክም ቆይቶ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ፤ የመምህሩንም ቤተ ሙከራ ተረከበ።

የነርቭ ምት እጅግ ደካማ በመሆኑ የዘመኑ መለኪያ በደንብ አይዘውም ነበር። መፍትሔው የመጣው ከራዲዮ ሥራ ነው፤ በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ። ከዕለታት አንድ ቀን አድሪያን በማጉያው የእንቁራሪት ነርቭን ሲከታተል የመለኪያው መስመር መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመሣሪያ ብልሽት መሰለው። ነገር ግን መንቀጥቀጡ የሚታየው ከነርቩ ጋር የተያያዘው ጡንቻ ከእንቁራሪቱ ጉልበት በነፃነት ሲንጠለጠል ብቻ ነበር፤ መስተዋት ላይ ሲያርፍ ጸጥ ይላል። የተንጠለጠለው ጡንቻ በገዛ ክብደቱ እየተለጠጠ ምልክት ይልክ ነበርና ብልሽት የመሰለው ነገር ራሱ ግኝቱ ሆነ።

በ1926 ከስዊድናዊው ኢንግቬ ዞተርማን ጋር ጡንቻውን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጡ አንድ የመለጠጥ ተቀባይ ብቻ አስቀሩ። ጡንቻው ይበልጥ ሲለጠጥ የምቱ መጠን አልጨመረም፤ የጨመረው በሴኮንድ የሚመጡት ምቶች ቁጥር ነው። ልጠጣው ሳይለወጥ ሲቆይ ምቶቹ እየሳሱ ሄዱ። ሰው የለበሰውን ልብስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማይሰማው በዚህ ዓይነት ልማድ ነው። አድሪያን በ1932 የኖቤል ሽልማትን ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር ተጋራ።

አድሪያን ስለ አንድ ጉርጥ የተናገረውም ሊጠቀስ ይገባዋል። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የጉርጥ የዓይን ነርቭ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ ሳለ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ጩኸት በተደጋጋሚ ይሰማ ነበር። አድሪያን ጩኸቱን ከራሱ እንቅስቃሴ ጋር ሲያስተያይ ነገሩ ገባው፤ ጉርጡ እያየው ነበር።

ከዚያ ወደ አንጎል ተሻገረ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1929 ከሰው ራስ ቅል ላይ በሴኮንድ 10 ያህል ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ መመዝገቡን ቢያሳትምም ብዙዎች አላመኑትም ነበር። በ1934 አድሪያንና ብራያን ማቲውስ ሙከራውን ደገሙት። ሞገዱ ዓይን ሲጨፈን ይታያል፤ ዓይን ሲገለጥ ወይም ሰውየው በከባድ ስሌት ሲጠመድ ይጠፋል። ለሁለቱ ትልቅ ክብር የሚሆነው ሞገዱ በበርገር ስም እንዲጠራ ማሳሰባቸው ነው።

በ1940ዎቹ ደግሞ የእንስሳት አንጎል ንክኪን የሚቀበልበትን ቦታ መረመረ። በአሳማ አንጎል ሰፊውን ስፍራ የያዘው አፈርና ምግብ የሚፈትሽበት አፍንጫው ነው። በኋላም ወደ ማሽተት ዞሮ፣ ሽታ በጥንቸል አንጎል ውስጥ የሚያስነሣውን ሞገድ መዘገበ።

አድሪያን ከ1950 እስከ 1955 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1977 አረፈ።