የንድፍ ፋይል ታማኝነት፦ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ሽግግር ታሪክና ለቴክኒክ ትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

የቴክኒክ ንድፍ ትምህርት በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመምህራንም ሆነ በሠልጣኞች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። ይኸውም ትናንት በትክክል ተሠርቶ የተቀመጠ ንድፍ ዛሬ ሲፈለግ አልከፈት ማለቱ፣ ወይም ቢከፈትም መስመሩ ጎድሎ፣ ጽሑፉ ተለውጦ፣ ልኩ ተዛብቶ መገኘቱ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ማርጀት ወይም በተማሪው ቸልተኝነት ይሳበባል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲመረመር የችግሩ ሥር ከዚህ የጠለቀ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የንድፍ ፋይል አለመታመን ከየት እንደመጣ በጊዜ ቅደም ተከተል ማሳየትና ከዚያ በመነሣት በሥርዓተ ትምህርታችን ሊታሰብበት የሚገባውን መጠቆም ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ማንም ሊያነበው የሚችል ንድፍ

ለዛሬው የቴክኒክ ንድፍ መሠረት የተጣለው በ18ኛው ምዕተ ዓመት በፈረንሳይ ነው። ጋስፓር ሞንዥ (1746–1818) በሜዚዬር በሚገኘው የወታደራዊ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሳለ፣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያለውን አካል ከላይና ከፊት በሚታይበት መልክ በወረቀት ላይ በትክክል የሚገልጽ ዘዴ አወጣ። ዘዴው ለምሽግ ሥራ እጅግ ጠቃሚ በመሆኑ ለብዙ ዓመታት በወታደራዊ ምሥጢርነት ተጠበቀ። በይፋ ማስተማር የተቻለው በ1795 ሲሆን፣ ቦታውም መምህራንን ለማሠልጠን በፓሪስ የተቋቋመው ኤኮል ኖርማል ነበር። የንድፍ ቋንቋ ከምሽግ ወጥቶ የብዙኃን ዕውቀት ለመሆን የበቃው በመምህራን ማሠልጠኛ በኩል መሆኑ በትምህርት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባ ነው።

በ1842 ጆን ሄርሼል ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴ አወጣ። ይህ ዘዴ ቆይቶ የንድፍ ማባዣ ሲሆን፣ ዋናው ንድፍ ከመሳቢያው ሳይወጣ ቅጂው ወደ ፋብሪካውና ወደ ግንባታው ቦታ የሚሄድበት አሠራር ተስፋፋ። ከዚህም ጋር የንድፍ ክፍል ሥርዓት ዳበረ። በእያንዳንዱ ንድፍ የታችኛው ጠርዝ የነደፈው፣ የመረመረውና ያጸደቀው ሰው ስምና ፊርማ ይሰፍራል፤ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በተራ ቁጥርና በቀን ይመዘገባል፤ መዝገቡንም የሚይዝ ሠራተኛ ይመደባል።

ወረቀት እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ይቀደዳል፣ ይደበዝዛል፣ አይጥ ይበላዋል። ነገር ግን ወረቀት ጉድለቱን አይደብቅም። ጥጉ የተቀደደ ፕላን መቀደዱ ይታያል፤ የቀረውም ክፍል ይነበባል። ንድፍ ለማንበብ ዐይንና ትምህርት እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። ኮምፒዩተር የለወጠው ይህንን ነው።

ንድፉ ወደ ማሽን ሲገባ

በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጥናት ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም አስተዋወቀ። ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር በመስተዋቱ ገጽ ላይ መስመር ይስባል፤ ማሽኑም ሁለት መስመሮች ትይዩ ወይም እኩል እንዲሆኑ ሲታዘዝ ያስተካክላል። እዚህ ላይ መሠረታዊ ለውጥ ተከሠተ። የተቀመጠው ነገር የመስመሩ ምስል መሆኑ ቀርቶ መስመሩ የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚገልጽ የቁጥር መዝገብ ሆነ። ምስሉን ከቁጥሩ መልሶ የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው። ስኬችፓድ የተሠራበት ቲኤክስ-2 የተባለው ኮምፒዩተር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ስለነበር በእርሱ የተሠራን ንድፍ ሌላ ማሽን ሊያነበው የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

በ1970ዎቹ የኮምፒዩተር ንድፍ መሣሪያ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሲበዙ እያንዳንዱ መዝገቡን በራሱ ቋንቋ መጻፍ ያዘ። ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ንድፍ ማሻገር አስቸጋሪ በመሆኑም በ1979 በአሜሪካ የብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ አስተባባሪነት፣ ቦይንግና ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተሳተፉበት የጋራ መለዋወጫ ቋንቋ መዘጋጀት ጀመረ። አይጅስ የተባለው ይህ ቋንቋ በ1980 ታተመ። ሆኖም ስፋቱ ራሱ እንቅፋት ሆነ፤ እያንዳንዱ ኩባንያ ከቋንቋው የሚመቸውን ክፍል ብቻ እየመረጠ ሲጠቀም፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው በከፊል ብቻ ያነብ ነበር። ይህንን ለማረም ስቴፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተጠንቶ የመጀመሪያ ክፍሎቹ በ1994 ወጡ።

በዚሁ መካከል በ1982 አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያ አውቶካድን አወጣ። በአነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ በመሆኑ ንድፍን በኮምፒዩተር መሥራት ከታላላቅ ፋብሪካዎች አልፎ ወደ ትንንሽ ቢሮዎችና ወደ ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ አደረገ። ፕሮግራሙ ሁለት ዐይነት ፋይል ነበረው። አንደኛው ዲኤክስኤፍ ሲሆን፣ አጻጻፉ በይፋ የተገለጸና ለመለዋወጫ የታሰበ ነው። ሁለተኛውና የዕለት ተዕለት ሥራው የሚቀመጥበት ዲደብልዩጂ ግን የውስጥ አጻጻፉ በይፋ ያልተገለጸ ነበር። ይህም አጻጻፍ በ2000፣ በ2004፣ በ2007፣ በ2010፣ በ2013ና በ2018 እትሞች ተለዋውጧል። አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን ፋይል አይከፍትም። በ1998 የፋይሉን አጻጻፍ መርምሮ ለሌሎች ፕሮግራሞች ለማዳረስ የተቋቋመ የኩባንያዎች ኅብረት ነበር፤ በ2006 ከአውቶዴስክ ጋር በፍርድ ቤት ተካሰው በ2007 ታረቁ። በሞንዥ ዘመን ምሥጢር የነበረው የንድፍ ዘዴው ነው፤ በእኛ ዘመን ደግሞ የንድፉ ማስቀመጫ ምሥጢር ሆነ ማለት ይቻላል።

ፋይል የሚበላሽባቸው መንገዶች

ከላይ የተገለጸው ታሪክ በየዕለቱ የሚያጋጥሙትን ችግሮች ለመረዳት ያግዛል። አንደኛ፣ ፋይሉ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ወይም የማስቀመጫው ዲስክ ቢነቀል መዝገቡ ይቆረጣል። በወረቀት ላይ ግማሽ መስመር ግማሽ መስመር ነው፤ በፋይል ውስጥ ግን ጥቂት ቁጥር መጉደሉ ሙሉውን ንድፍ ሊያዘጋ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ንድፍ ሌሎች ንድፎችን ከውጭ እየጠራ የተሠራ ከሆነ፣ ዋናው ፋይል ብቻውን ተቀድቶ ሲወሰድ የተጠሩት ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ መለኪያው ኢንች ይሁን ሚሊሜትር በግልጽ ካልተወሰነ ንድፉ 25.4 ጊዜ ሊያድግ ወይም ሊያንስ ይችላል።

አራተኛው በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደላትን ቦታ በግእዝ ቅርጽ በሚተኩ ፊደላት ነበር። በመሆኑም «መኝታ ቤት» ተብሎ የተጻፈበት ፋይል ያ የፊደል ዐይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል።

አምስተኛውም እንዲሁ ከአገራችን ሁኔታ ጋር ይያያዛል። የቦታ ፕላን በካርታ መጋጠሚያ ነጥቦች ሲሠራ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አንድ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ርቀት በሚሊሜትር ሲጻፍ አንድ ቢሊዮን ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ በተለመደው አሠራር የሚይዘው ከ15 እስከ 16 አኃዝ ስለሆነ፣ ስፋት ለማስላት ሁለት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሲባዙ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይቆረጣሉ። ምንም ስሕተት ያልሠራ ነዳፊ ስፋቱ ያልተስተካከለ ወይም መስመሩ ያልገጠመ ንድፍ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የኤርባስ ኤ380 ምሳሌ

ችግሩ የትንንሽ ቢሮዎች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው የኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን ታሪክ ነው። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በሚያዝያ 2005 ነው። በውስጡ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበረው። የጀርመንና የስፔን ነዳፊዎች ካቲያ በተባለው ፕሮግራም 4ኛ እትም ሲሠሩ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነዳፊዎች በ5ኛው እትም ይሠሩ ነበር። የፕሮግራሙ ስም አንድ ቢሆንም የሁለቱ እትሞች አሠራር የተለያየ በመሆኑ በአንዱ ወገን የተደረገ ለውጥ ወደ ሌላው በትክክል አልተሸጋገረም። በሐምቡርግ የተዘጋጁት የሽቦ ጥቅሎች በቱሉዝ ሲዘረጉ ከተባለላቸው ቦታ አልደረሱም።

በሰኔ 2006 መዘግየቱ ሲገለጽ የእናት ኩባንያው የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኩባንያው እስከ 2010 ድረስ ከሚጠበቀው ትርፍ 4.8 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚጎድል አስታወቀ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተሰጠው በጥቅምት 2007 ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የየቦታው ነዳፊዎች ሥራ በየራሱ ማያ ገጽ ላይ ሲታይ የተሟላ መስሎ መታየቱ ነው። ጥፋቱ የነበረው በርክክቡ ላይ ሲሆን፣ ርክክቡን በአንድ ሥርዓት ማስያዝ ደግሞ የአመራር ኃላፊነት ነበር።

በ2004 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናትም በዚያ አገር የሕንፃና የተቋማት ግንባታ ዘርፍ፣ መረጃ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም በትክክል ባለመሻገሩ በ2002 ብቻ 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንደባከነ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የደረሰው ሕንፃውን በሚያስተዳድሩት ባለቤቶች ላይ ነው። ይኸውም ንድፉን የሠራው ከሄደ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፋይሉን ለጥገና ለመክፈት በሚገደደው ወገን ላይ መሆኑ ነው።

ለሥርዓተ ትምህርት የሚኖረው ትርጉም

ኮምፒዩተር ወደ ንድፍ ክፍል ሲገባ ቲ ስኩዌሩና ሰሌዳው ተነሡ። ነገር ግን አብረው የተነሡ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ መርማሪው፣ መዝገብ ያዡና የተቆለፈው መሳቢያ ማለት ነው። ማሽኑ የእነርሱን ሥራ የሚተካ መሰለ፤ አልተካም። በትምህርታችንም የሚታየው ጉድለት ከዚህ የተለየ አይደለም። ሠልጣኙ መስመር የሚስቡትን ትእዛዞች ይማራል፤ ንድፉን የሚጠብቅበትን ልማድ ግን አይማርም።

ስለዚህ ለቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል። ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሥራውን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚይዘውን የቀድሞ ቅጂ ፈልጎ መክፈት፣ የተጎዳን ፋይል በፍተሻና በማዳኛ ትእዛዞች መመርመር መለማመድ አለበት። እያንዳንዱ ንድፍ እንደ ቀድሞው የነደፈውንና የመረመረውን ስም፣ የለውጡን ቁጥርና ቀን መያዝ አለበት፤ መርማሪውም ሌላ ተማሪ ይሁን። ሥራ ሲረከብ ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የተጠሩት ንድፎችና የፊደሉ ዐይነት፣ ከእነርሱም ጋር ማንም ሊያነበው የሚችል የታተመ ቅጂ አብሮ መቅረብ ይኖርበታል። ፈተናውም ይህንኑ ይከተል፤ ነጥብ የሚሰጠው ንድፉ በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ በመታየቱ ሳይሆን፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ሰው ከፍቶት ልኩ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ይሁን።

እነዚህ ነጥቦች አዲስ መሣሪያ መግዛትን አይጠይቁም። የሚጠይቁት የመምህሩን ትጋትና ለምዘና የሚመደበውን ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

የንድፍ ፋይል አለመታመን የአንድ ፕሮግራም ወይም የአንድ ኩባንያ ጉድለት ብቻ አይደለም። ንድፍ ከዐይን ወደ ማሽን ሲሻገር የተፈጠረ፣ በጋራ ስምምነትና በሥራ ልማድ እንጂ በማሽኑ ብቻ የማይወገድ ችግር ነው። ዛሬ በማሠልጠኛዎቻችን የሚነደፉት የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የውኃ ሥራ ፕላኖች ከ20 ዓመት በኋላ ለጥገና ይፈለጋሉ። በዚያን ጊዜ ፋይሉን የሚከፍተው ወጣት የሚያገኘው ንድፍ ይሁን ባዶ ገጽ የሚወሰነው ዛሬ በመማሪያ ክፍል ውስጥ በምናስለምደው ጥንቃቄ ነው።