ቤት ለባለቤቱ ስም ሲያወጣ
ስለ ባስኮች «ኤቼቤሪያ» ስም አመጣጥ፣ ትርጉምና መስፋፋት በሬድዮ የተነገረ

በብዙው የዓለም ክፍል ቤት በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ የእገሌ ቤት፣ የእገሊት ግቢ ይባላል። በፒሬኔ ተራሮች ግራና ቀኝ በሚኖሩት በባስኮች አገር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚያ አገር ባለቤቱን በስሙ የሚያስጠራው ቤቱ ነው። «ኤቼቤሪያ» የተባለው የዘር ስም ለዚህ ልማድ ዋና ምስክር ስለሆነ፣ ዛሬ አመጣጡንና ትርጉሙን፣ እንዲሁም ውቅያኖስን ተሻግሮ የተሠራጨበትን ምክንያት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ሕዝቡ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። የባስኮች አገር ከጥንት ጀምሮ በሰባት አውራጃዎች የተከፈለ ነው። ከነዚህም አራቱ፣ ማለት ቢስካያ፣ ጊፑስኮዋ፣ አላባና ናባራ በእስጳንያ ግዛት ውስጥ ሲሆኑ፣ ሦስቱ፣ ማለት ላቡር፣ ታችኛው ናባራና ሱል በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ይገኛሉ። ቋንቋቸው ኤውስካራ ይባላል። ይህ ቋንቋ ከጎረቤቶቹ ከእስጳንኛም ሆነ ከፈረንሳይኛ ጋራ አይዛመድም፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ዛሬ ከሚነገሩት ቋንቋዎች መካከል የሥጋ ዘመድ ሊያገኙለት አልቻሉም። በሮማውያን ዘመን በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የሰውና የአማልክት ስሞች በዚሁ ቋንቋ መንገድ የሚፈቱ ስለሆኑ፣ ጥንታዊነቱ ከነዚያ ጽሑፎች ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ስሙ ትርጉም እንምጣ። በኤውስካራ «ኤቼ» ማለት ቤት ነው፤ «ቤሪ» ማለት አዲስ ነው፤ በመጨረሻ የሚጨመረው «አ» ደግሞ እኛ «ቤቱ» ስንል መጨረሻው ፊደል የሚሰጠውን አገልግሎት የሚሰጥ ነው። በባስኮች ሰዋስው ቅጽል ከስም በኋላ ስለሚመጣ፣ «ኤቼቤሪያ» ሲተረጐም «አዲሱ ቤት» ማለት ይሆናል። በቢስካያ በኩል ሕዝቡ «ቤሪ» የሚለውን «ባሪ» እያለ ስለሚናገር በዚያ ስሙ «ኤቼባሪያ» ሆኗል።

ቤቱ አዲስ የተባለው ከምን አንጻር ነው ብሎ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ቤተ ሰብ በአሮጌው ቤት አጠገብ ወይም ጫካ መንጥሮ ባቀናው መሬት ላይ ሌላ ቤት በሠራ ጊዜ፣ ጐረቤቶቹ ከቀድሞው ለመለየት «አዲሱ ቤት» ይሉታል። ከዚያም አባት በልጅ፣ ልጅ በልጅ ልጅ እየተተካ አራትና አምስት መቶ ዓመት ያልፋል። ጣራው ይታደሳል፤ ግድግዳው በዕድሜ ብዛት ይጠቁራል፤ ስሙ ግን አዲስ እንደ ሆነ ይኖራል።

ሌሎቹም የባስኮች ስሞች በዚሁ ዓይነት ከቤትና ከቦታ የተወሰዱ ናቸው። «ኤቼጋራይ» ላይኛው ቤት ማለት ነው፤ በ1904 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተቀበለው እስጳንያዊው ደራሲ ሆሴ ኤቼጋራይ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። «ኢቱራልዴ» በምንጭ አጠገብ፣ «ሜንዲሳባል» ሰፊ ተራራ፣ «ኢባራ» ሸለቆ ማለት ነው። የደቡብ አሜሪካን አገሮች ነጻ ያወጣው የሲሞን ቦሊቫር ስም እንኳ በቢስካያ ካለች አንዲት መንደር የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የወፍጮ ሸለቆ ነው። የሰው ስም በውስጡ ያለበት የዘር ስም ሲገኝም ብዙ ጊዜ በቤት በኩል ያለፈ ነው። ለምሳሌ «ሚቸሌና» ማለት «የሚቸል የሆነው»፣ ይኸውም የሚቸል ቤት ማለት ነው። በ1953 ስለ ባስኮች የዘር ስሞች የታወቀውን መጽሐፍ ያሳተመው ታላቁ የቋንቋ ሊቅ ኮልዶ ሚቸሌና ራሱ በዚህ ስም የሚጠራ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነበት ምክንያት ግን በቋንቋው ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ምክንያቱ በአገሩ ሕግ ውስጥ ነው። ለባስክ ገበሬ ቤት ማለት ድንጋይና እንጨት ብቻ አልነበረም። እርሻው፣ ከጋራው ጫካ እንጨት የመቍረጥና በጋራው መስክ ከብት የማሰማራት መብት፣ በመንደሩ ሸንጎ የመናገር ሥልጣን፣ ይህ ሁሉ የቤቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቦታ ነበረው፤ የቤቱ ሙታን ከወለሉ በታች ያርፋሉ፤ የቤቱ እመቤት በዚያው ቦታ ተቀምጣ ስለ ነፍሳቸው ጧፍ ታበራ ነበር።

እንዲህ ያለው ቤት ከተከፋፈለ መብቱም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ልማዱ ቤቱ ሳይከፈል ለአንድ ወራሽ እንዲተላለፍ ያዝዝ ነበር። በ1514 በላቡር፣ በ1520 በሱል በጽሑፍ የተደነገጉት የአገር ልማዶች ይህን አጽንተውታል። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ በነዚያ አውራጃዎች በብዙዎቹ የገበሬ ቤቶች ወንድም ሆነ ሴት ሳይባል በኵሩ ልጅ ይወርስ የነበረ መሆኑ ነው። ወራሽቱ ሴት በሆነች ጊዜ ባልዋ ወደ እርሷ ቤት ይገባል፤ ጐረቤቶቹም በቤቱ ስም ይጠሩታል፤ ልጆቻቸውም በዚያው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ስሙ የአባትን ደም ሳይሆን ቤትን ተከትሎ የሚሄድ ነበር። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ በተለያየ ስም የሚጠሩበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነን በ1506 በናባራ የተወለደው ፍራንሲስኮ ዴ ሃቪዬር ነው። «ሃቪዬር» የሚለው ስም ያው «ኤቼቤሪ» ነው። በናባራ ምሥራቅና በአራጎን የላቲን ልጅ የሆነ ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች የመጀመሪያውን «ኤ» ጥለው፣ «ቤሪ» የሚለውን እንደ አነጋገራቸው «ቢዬር» አድርገው፣ ቃሉን ከባስኮች አፍ ወደ ራሳቸው አፍ አዛወሩት። በአራጎን ተራራማ ክፍል ዛሬም «ሃቪዬሬ» የሚባሉ መንደሮች ስለሚገኙ፣ ኤውስካራ ከዛሬው ወሰኑ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይነገር እንደ ነበረ የመንደሮቹ ስም ይመሰክራል።

የፍራንሲስኮ አባት ሁዋን ዴ ሃሶ በናባራ ንጉሣዊ ምክር ቤት ከፍተኛ ሹም ነበር፤ የሃቪዬር ግንብ ወራሽ ግን እናቱ ማሪያ ዴ አስፒልኩዌታ ነበረች። እንግዲህ ዓለም ያወቀው ስሙ ከአባቱ ሳይሆን ከእናቱ ቤት የተገኘ ነው። የካስቲልያ ሠራዊት ናባራን በ1512 ከያዘ በኋላ፣ የፍራንሲስኮ ወንድሞች ለቀድሞው መንግሥታቸው ስለ ተዋጉ፣ በ1516 የግንቡ ማማዎችና ምሽጎች እንዲፈርሱ ተደረገ። የመጨረሻው ልጅ ፍራንሲስኮ ወደ ፓሪስ ለትምህርት ሄዶ ከሌላው ባስክ ከኢግናጥዮስ ዴ ሎዮላ ጋራ ተገናኘ፤ ሁለቱም ከጓደኞቻቸው ጋራ የኢየሱሳውያንን ማኅበር መሠረቱ። ፍራንሲስኮ በ1542 ጎዋ፣ በ1549 ጃፓን ደረሰ፤ በ1552 በቻይና ጠረፍ በምትገኝ በሻንግቹዋን ደሴት ላይ ሞተ። ሎዮላም እንዲሁ የቤት ስም ነው፤ የዚህ ቤት ልጅ ኢግናጥዮስ በ1555 ለኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ የጻፈ መሆኑን የታሪክ አንባቢ ያስታውሰዋል።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1622 ለፍራንሲስኮ የቅድስና ማዕርግ ከሰጠችው ወዲህ፣ የካቶሊክ ወላጆች በየአገሩ የሕፃናትን ስም «ሃቪዬር» ይሉ ጀመር። ፖርቱጋሎች «ሻቪየር»፣ ጣልያኖች «ሳቬርዮ»፣ ጀርመኖች «ክሳቨር»፣ ፖላንዶች «ክሳቬሪ» አሉት። በዚህ ዓይነት የአንድ ግንብ ስም የሰው የክርስትና ስም ሆነ። ዛሬ በዚህ ስም ልጁን የሚጠራ አባት «አዲስ ቤት» ብሎ መጥራቱን ብዙውን ጊዜ አያውቀውም።

አሁን ደግሞ የጸሓፊውን ብዕር ሥራ እንመልከት። በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤ በየአጥቢያው የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ እንዲያዝ ካዘዘ ወዲህ፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር የነበረው ስም ቀስ በቀስ በመዝገብ ላይ ጸንቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። ነገር ግን መዝገቡን የሚጽፈው ሰው በጆሮው የሰማውን በለመደው የአጻጻፍ ሥርዓት ያሰፍር ነበር። በእስጳንያ በኩል «ኤቼቬሪያ»፣ «ኤቻቫሪያ»፣ «ቻቫሪ»፣ «ቻቫሪያ» ተባለ። በፈረንሳይ በኩል «ኤቸቬሪ» ሆነ፤ «የ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ከፊቱ ጨምረው የጻፉትም «ዴቸቬሪ» የሚል አዲስ ስም አስገኙ። መዝገብ የሚይዝ ሰው አንዲት ፊደል ሲያዛውር የአንድን ቤተ ሰብ ስም ለዘለዓለም ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስሙ በመዝገብ ላይ መጽናቱ ደግሞ ብርቱ ጥቅም ያመጣ ነበር። በ1526 የወጣው የቢስካያ ሕግ ተወላጆቹን ሁሉ እንደ መኳንንት የሚቆጥር ነበር። አንድ ቢስካያዊ ወደ ካስቲልያ ሄዶ ሲቀመጥ፣ ከታወቀ የትውልድ ቤት የመጣ መሆኑን በምስክር ካረጋገጠ፣ ተራው ሕዝብ ከሚከፍለው ግብር ነጻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የቤት ስም ማለት የመብት ማስረጃ ማለት ነበር። ጥቅም ባለበት ማታለል አይጠፋምና፣ የዘር ሐረግ የሚደርሱና የቤት ዓርማ የሚሥሉ ሰዎች፣ ኤቼቬሪያዎች ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ ጀግና የተወለዱ ናቸው የሚል ታሪክ እየጻፉ መሸጥን ልማድ አደረጉት።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ ቤት ያልተሠራበት መንደር ስለሌለ፣ ስሙም በየመንደሩ ለየብቻው ተወልዷል። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የጸሎት ግጥም የጻፈው ካህን ጆዋኔስ ኤቼቤሪና፣ ከ1668 እስከ 1749 የኖረው ሐኪምና የቋንቋ ሊቅ ጆዋኔስ ኤቼቤሪ ሁለቱም የላቡር ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ግን ሊቃውንት የፊተኛውን የሲቡሩ፣ የኋለኛውን የሳራ እያሉ በመንደራቸው ይለዩአቸዋል። የሳራው ኤቼቤሪ ቋንቋው ለጽሕፈትና ለትምህርት የበቃ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክሟል፤ የጽሑፎቹ ዋና ክፍል ግን ከሞተ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1907 ታተመ።

ጀርመኖች «ኖይሃውስ»፣ ፈረንሳዮች «ሜዞንኔቭ»፣ ጣልያኖች «ካዛኖቫ»፣ እንግሊዞች «ኒውሃውስ» የሚሉት የዘር ስም ሁሉ ትርጉሙ አዲስ ቤት ነው። እነዚህን ሰዎች በስማቸው አንድነት ዘመድ ናቸው እንደማንል፣ ኤቼቤሪያዎችንም ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ልንል አይገባም።

ይህ ስም ወደ አሜሪካ የተሻገረበት ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቤቱን አንድ ልጅ ብቻ የሚወርስ ከሆነ፣ የቀሩት ወዴት ይሂዱ? ከፊሎቹ በወንድማቸው ወይም በእኅታቸው ቤት ሳያገቡ እያገለገሉ ኖሩ። ከፊሎቹ ካህናት፣ ከፊሎቹ መርከበኞችና ወታደሮች ሆኑ። የቀሩትም ወደ አዲሱ ዓለም ሄዱ። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከ1833 እስከ 1839፣ ደግሞም ከ1872 እስከ 1876 የተደረጉት የካርሎስ ወገኖች ጦርነቶች ስደቱን አባባሱት፤ ብዙዎች በአርጀንቲናና በኡሩጓይ ሰፈሩ፤ ሌሎችም በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በአይዳሆ የበግ እረኞች ሆኑ።

እንግዲህ «አዲስ ቤት» የሚለውን ስም በዓለም ላይ ያሠራጩት በአብዛኛው ቤቱን ያልወረሱት ልጆች ናቸው። ወራሹ በቤቱ ቀረ፤ ቤት ያጣው ስሙን ይዞ ሄደ። የአባቱ ቤት ደጅ ሲዘጋበት የቤቱ ስም ብቻ ስንቅ ሆኖት ባሕር ተሻገረ።

ከነዚህ ስደተኞች ልጆች መካከል ታላላቅ ሰዎች ተገኝተዋል። አባቱ ከባስክ አገር የመጣው ባለቅኔ ኤስቴባን ኤቼቬሪያ በ1805 በቦነስ አይረስ ተወልዶ፣ የሮሳስን የግፍ አገዛዝ በመቃወሙ ተሰዶ በ1851 በሞንቴቪዴዎ ሞቷል። በኮስታሪካ አኪሌዎ ኤቼቬሪያ የተባለው ባለቅኔ ከ1866 እስከ 1909 ኖሯል። ሉዊስ ኤቼቬሪያ ከ1970 እስከ 1976 የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ነበር። በኮሎምቢያ በአንቲዮኪያ ክፍለ ሀገር «ኤቼቬሪ»ና «ኤቻቫሪያ» የሚሉት ስሞች የተለመዱ የዘር ስሞች ናቸው።

በትውልድ አገሩ ግን ስሙ ሌላ ፈተና አገኘው። በእስጳንያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1938፣ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ሕፃናት በካስቲልያ ቋንቋ ካልሆነ በቀር በሌላ የአገሩ ቋንቋ ስም እንዳይመዘገቡ ከለከለ። የዘር ስሞችም በካስቲልያ አጻጻፍ እንደ ተያዙ ኖሩ። ከፍራንኮ ሞት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ፤ በ1999 የወጣ ሕግም ማንም ሰው የዘር ስሙን በቋንቋው ትክክለኛ አጻጻፍ እንዲያስመዘግብ ፈቀደለት። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ወደ መዝገብ ቤት እየሄዱ፣ የአያቶቻቸው ስም በባስክኛ አጻጻፍ «ኤቼቤሪያ» ተብሎ እንዲጻፍላቸው አድርገዋል።

ክቡራን አንባብያን፤ በአንድ ስም ውስጥ የርስት ሕግ፣ የግብር ነጻነት፣ የጸሓፊ ስሕተትና የስደተኛ ኀዘን ተሰብስበው እንደሚገኙ ከዚህ እንረዳለን። በመዝገብ ላይ የሚሰፍር የሰው ስም እንዲህ ያለ ታሪክ የተሸከመ ስለሆነ፣ የሚጽፈው እጅ ሁሉ በጥንቃቄ ሊጽፈው ይገባል።