ቀምሳ የፈረደች ከተማ

ለገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ የስዊድን ዋና ከተማ ስቶኮልም በአዲስ ኬላ ተከባ ነቃች። አያቶቻችን ጨው ወይም ቡና የጫነ ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል የማያልፍበትን በር ኬላ ይሉት ነበር። የስቶኮልሙ ኬላ ግን የተወጠረ ገመድ የለውም፤ በረኛ የለውም፤ «ቁም!» የሚል ድምፅም አይሰማበትም። ወደ መሀል ከተማ በሚያስገቡና በሚያስወጡ 18 ቦታዎች ላይ፣ ከመንገዱ በላይ የተጋደመ ብረትና ካሜራ ብቻ ነበር። መኪናው ሳይቆም ያልፋል፤ ታርጋው ፎቶ ይነሳል፤ ዕዳው በባለቤቱ ስም ይጻፋል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ምሽቱ 12፡30 ድረስ አንድ ጊዜ ማለፍ እንደ ሰዓቱ ግርግር 10፣ 15 ወይም 20 ክሮነር ያስከፍል ነበር። የፈለገውን ያህል ቢመላለሱ በቀን ከ60 ክሮነር አይበልጥም ነበር። ቅዳሜና እሑድ መንገዱ ነጻ ነው።

የስቶኮልም ሰው ነገሩን አልወደደውም። ኬላው ከመተከሉ በፊት በተሰበሰቡት አስተያየቶች ተቃዋሚው ከደጋፊው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቁጣው ደግሞ የኪስ ብቻ አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ቁጣም ነበረበት።

(ከዚህ በኋላ ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነውና።) በ2002 የሶሻል ዴሞክራቶቹ አኒካ ቢልስትረም ለከተማዋ አስተዳደር ሲወዳደሩ፣ በሚቀጥለው የምርጫ ዘመን የመንገድ ክፍያ እንደማይመጣ ቃል ገብተው ነበር። አሸነፉ። ይሁንና ፓርቲያቸው አገር ለመምራት በፓርላማ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ድጋፍ አስፈለገው፤ አረንጓዴዎቹ ለድጋፋቸው ከጠየቁት ዋጋ አንዱ ደግሞ በስቶኮልም የመንገድ ክፍያ እንዲሞከር ነበር። ቢልስትረም ቃላቸውን አጠፉ። ለሚቀጥሉት አራት ዓመታት ስማቸው በተነሳ ቁጥር ያ ቃል አብሮ ይነሳ ነበር።

ሌላም ጣጣ ነበረ። የስዊድን ሕግ አዋቂዎች ነገሩን መርምረው «ይህ ክፍያ ሳይሆን ግብር ነው» አሉ። ማዘጋጃ ቤት ነዋሪው ያልሆነን ሰው ግብር ማስከፈል ስለማይችል ጉዳዩ ወደ ፓርላማ ሄደ፤ ሕጉም በ2004 ወጣ። እናም ኬላው የከተማዋ ሆኖ ቀረጡ የመንግሥት ሆነ፤ ስድቡ ደግሞ ለቢልስትረም ቀረ።

ሐሳቡ ራሱ ግን ስዊድን ውስጥ የተወለደ አይደለም። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት መንገዶችን በምሳሌ አንሥተው ነበር፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ናይት በ1924 ምሳሌውን ሲያፍታቱት አንዱ ሰፊ ግን አስቸጋሪ፣ ሌላው ጥሩ ግን ጠባብ ሆነ። ሁሉም በፈቀደው ይሂድ ከተባለ፣ ሰው ሁሉ ጥሩው ላይ ይረባረብና እንደ መጥፎው አዝጋሚ እስኪሆን ያጨናንቀዋል። በጥሩው መንገድ ላይ መጠነኛ ቀረጥ ቢጣል ግን ጥቂቱ ወደ ሰፊው ይዞራል፤ የዞረው ከበፊቱ የባሰ አይጎዳም፣ የቀረው ግን ይፈጥናል። በወረቀት ላይ ያምራል።

ይህን ወደ አስፋልት ለማውረድ ዕድሜያቸውን የሰጡት በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳ ተወላጁ ዊልያም ቪክሬይ ናቸው። ከባቡር ጣቢያ እስከ ዩኒቨርሲቲው ባለመንኮራኩር ጫማ አድርገው እየተንሸራተቱ ይመጡ እንደነበር የሚያውቋቸው ያወሳሉ። በ1952 የኒው ዮርክ የምድር ባቡር ሒሳብ እንደ ሰዓቱና እንደ ርቀቱ ይለያይ አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። በ1959 በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ በዋሺንግተን እያንዳንዱ መኪና ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ተገጥሞለት በመስቀለኛ መንገዶች እየተመዘገበ በወር መጨረሻ ሒሳብ ይላክለት የሚል ዕቅድ አቀረቡ። ሞባይል ስልክ በሌለበት ዘመን! እንደሚባለውም ነገሩ እንደሚቻል ለማሳየት በራሳቸው መኪና ላይ የሬዲዮ ማሰራጫ ገጥመው፣ የተዘዋወሩበትን ሰዓት ቤታቸው ባለው ኮምፒዩተር ይመዘግቡ ነበር። ኮንግረስ ዕቅዱን ወደ ጎን ተወው። ያ ዕቅድ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ በዚያች ከተማ ታክሲ ሲነዱ የኖሩት ወገኖቻችን የኬላውን ሰዓት ከጸሎት ሰዓት እኩል ያውቁት ነበር።

ቪክሬይ በጥቅምት 1996 የኖቤል ሽልማት ተነገራቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሌሊት ወደ አንድ ጉባኤ እየነዱ ሳለ መኪናቸው ውስጥ ዐረፉ።

ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋለችው የመጀመሪያዋ ከተማ ሲንጋፖር ናት፤ ያን ለማድረግ ደግሞ የቪክሬይን ረቂቅ መሣሪያ አልጠበቀችም። የጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ መንግሥት ሰኔ 2 ቀን 1975 ሥራውን የጀመረው በወረቀትና በሰው ዓይን ነው። በመሀል ከተማው ዙሪያ ክልል ተከለለ፤ በየመግቢያው ከፍ ያለ ምልክት ቆመ። ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡30 በመኪና መግባት የፈለገ ሰው በቀን ሦስት፣ በወር 60 የሲንጋፖር ዶላር ከፍሎ የፈቃድ ወረቀት ይገዛና የፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። በየበሩ የቆሙት ጠባቂዎች ማንንም አያስቆሙም። ወረቀት የሌለውን መኪና ታርጋ ይጽፋሉ፤ ቅጣቱ ኋላ በፖስታ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ደብተርና የማይደክም ዓይን ነው።

አራት ሰው የጫነ መኪና በነጻ ስለሚገባ፣ ሹፌሮች አውቶቡስ ፌርማታ እየቆሙ የማያውቁትን ሰው «ግባ፣ ግቢ» ማለት ጀመሩ። ሰውም የአውቶቡስ ሒሳብ ተርፎለት እየተጫነ ገባ። መንግሥት ግን ያላሰበው ነገርም ገጠመው። ሹፌሩ ከክልሉ ውጭ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ 3፡30 ሲል ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ክፍያው እስከ 4፡15 ተራዘመ። ከክልሉ ዳርቻ «መኪናችሁን እዚህ አቁማችሁ በአውቶቡስ ግቡ» ተብለው የተሠሩት ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች ደግሞ ባዶአቸውን ቀሩ፤ የባለሥልጣን ግምትና የሹፌር ሐሳብ ለየቅል ነው። ዋናው ነገር ግን ሠርቷል፤ በክፍያው ሰዓት ወደ ክልሉ የሚገባው ተሽከርካሪ ከመቶ 40 በላይ ቀነሰ። ጠባቂዎቹ ደብተራቸውን አጥፈው ሥራውን ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስረከቡት በ1998 ነው፤ ቪክሬይ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል።

ሲንጋፖርን የጎበኘ የአውሮፓ ከንቲባ ሁሉ ግን አንድ ሰበብ ነበረው፤ «እዚያ መንግሥት ያለው ይሆናል፤ የኛ ሰው ግን በድምፁ ያወርደናል።» ይህን ሰበብ መጀመሪያ የነቀነቀችው ለንደን ናት። ኬን ሊቪንግስተን በግል ተወዳድረው ከንቲባ ከሆኑ በኋላ የካቲት 17 ቀን 2003 አምስት ፓውንድ ማስከፈል ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም በድጋሚ ተመረጡ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ክልሉ የሚገባው መኪና 18 ከመቶ ቀነሰ። ሐቁን ለመናገር፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጨናነቁ ተመልሶ መጣ። መኪናው ባይጨምርም መንገዱ ለቱቦ ሥራ እየተቆፈረ፣ ለአውቶቡስና ለእግረኛም እየተቆረሰ ጠቦ ነበርና። ከለንደን ታሪክ እኔን የሚያስቀኝ ግን የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። «ይህ ግብር ነው፤ ዲፕሎማት ግብር አይከፍልም» ብሎ አልከፍልም አለ፤ ዕዳውም ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። የለንደን አስተዳደር በበኩሉ ክፍያ እንጂ ግብር አይደለም ባይ ነው። የስዊድን ሕግ አዋቂዎች ቢጠየቁ ለአምባሳደሩ ይመሰክሩ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ስቶኮልም። ቢልስትረም ቃል ካጠፉ በኋላ አንድ ነገር ቃል ገቡ፤ ይህ ሙከራ ነው፤ ከጥር እስከ ሐምሌ 2006 ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ ካሜራው ይጠፋል፤ ሕዝቡም በመስከረም ይፈርዳል። ከሙከራው በፊት በነሐሴ 2005 ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ አውቶቡሶች ተሰማሩ። በነሐሴ፣ በመስከረም፣ በጥቅምት ሰዎች አውቶቡሱን አዩት፤ መኪናቸውን ግን አልተዉም። አውቶቡስ ብቻውን መጨናነቁን እንዳልነካው የታወቀው ያኔ ነው። በጥር ኬላው ሲተከል ግን ወደ መሀል ከተማው ከሚገባና ከሚወጣው አምስት መኪና አንዱ ጠፋ። ከተማዋ በሐይቅና በባሕር መካከል በደሴቶች ላይ የተሠራች ስለሆነች መግቢያዋ ድልድይ ነው፤ በድልድዩ አፍ የሚሰለፈው መኪና ሲሳሳ ደግሞ ሁሉም ሰው በዓይኑ ያየዋል። መንገድ ላይ ጥቂት ሲቀነስ ብዙ ይቀላል፤ አምስተኛው መኪና ሲወጣ ሰልፉ በአምስተኛ ብቻ አያጥርም፣ ከዚያ በላይ ያጥራል።

ሐምሌ 31 ሙከራው አበቃ። ካሜራው ጠፋ፤ መኪናውም አብዛኛው ተመለሰ። ለሰባት ወር የተነፈሰች ከተማ እንደገና ታፈነች፤ ድምፅ ሊሰጥ ሳምንታት የቀሩት ሰውም ይህን ከመስኮቱ ተመለከተ። ከዚህ የበለጠ ቅስቀሳ የለም። በየካቲት 2005 የኤዲንብራ ሰው ስለ ተመሳሳይ ክፍያ ሲጠየቅ ከአራቱ ሦስቱ «አይሆንም» ብሎ ነበር፤ በታኅሣሥ 2008 የማንቸስተር ሰው 79 ከመቶ እንዲሁ አለ። ሁለቱም የተጠየቁት ሳይቀምሱ ነው።

እሑድ መስከረም 17 ቀን 2006፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 1999፣ ስቶኮልም በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ ሰጠች። ክፍያውን «ይቀጥል» ያለው ከሁለቱ ወገኖች ድምፅ 53 ከመቶ ያህል ሆነ። ክፍያውን ያመጡትን ቢልስትረምን ግን በዚያው ቀን ከሥልጣን አወረደቻቸው። በአንድ ወረቀት የጣለቻቸውን ሴት ሥራ በሌላው ወረቀት አጸደቀች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በየትኛውም አገር ታሪክ ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም። በዙሪያዋ ያሉና በገዛ ፈቃዳቸው ነዋሪያቸውን የጠየቁ ማዘጋጃ ቤቶች ግን በጥቅሉ «አይሆንም» አሉ። ከፋዩ የእነሱ መኪና፣ ጸጥታው የሚደርሰው ግን ለሌላ ነዋ።

ሥልጣን የያዙት የቀኝ ፓርቲዎች ክፍያውን ሲቃወሙ የቆዩት ናቸው። ሆኖም በመንግሥትነት የሚመጣን ገንዘብ መናቅ ከባድ ነው። ገቢው በዋናነት ለመንገድ ሥራ ይዋል ብለው ነሐሴ 1 ቀን 2007 ካሜራውን መልሰው አበሩት። የአረንጓዴዎቹ ኬላ ለመኪና መንገድ መሥሪያ ገንዘብ ይለቅም ጀመር።

ቀምሶ መፍረድ ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልከራከርም። ሁለተኛዋ የስዊድን ከተማ ዮተቦሪ ክፍያውን በ2013 ጀምራ በዓመት ከምናምኑ ሕዝቧን ብትጠይቅ 57 ከመቶው «አይሆንም» አለ፤ አስተዳደሩ ግን ገንዘቡ ለባቡር ዋሻ ተመድቧልና ቀጠለበት። ኒው ዮርክ፣ የቪክሬይ ከተማ፣ ደግሞ ማንንም በሕዝበ ውሳኔ ሳትጠይቅ፣ በ2008 አንዴ ሐሳቡን በግዛቲቱ ዋና ከተማ በአልባኒ ቀብራ፣ በ2024 ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት አግዳ፣ በመጨረሻ ጥር 5 ቀን 2025 ዘጠኝ ዶላር ማስከፈል ጀመረች።

በስቶኮልም ግን ድጋፉ እየጨመረ ሄደ፤ ዓመታት ቆይቶ ከአሥር ሰው ሰባቱ «ይቀጥል» ባይ ሆነ። ሙከራውን ከቅርብ የተከታተሉት ተመራማሪ ዮናስ ኤልያሰን ሐሳባቸውን የለወጡትን ሰዎች እንዳላገኟቸው ተናግረዋል። የተለወጡት ሲጠየቁ «እኔ ከጥንቱም ደጋፊ ነበርኩ» ይላሉ። ከድልድዩ የጠፋው አምስተኛ መኪና ሹፌር ማን እንደነበረም እንዲሁ አልታወቀም። ሹፌሮቹ ሲጠየቁ ሁሉም እንደ ድሮው እየነዱ ነው።